ኑግ የጠጣ ርብራብ

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ይህ ደብተር የደንበኛዬ የታሊ መታጠቢያ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ገጾች ልኬት ብቻ ናቸው፤ የግድግዳው ቁመት፣ የገንዳው ወርድ፣ በጣውላና በጣውላ መካከል ስምንት ሚሊሜትር ክፍተት። ከዚህ ገጽ ጀምሮ ሌላ ነገር እጽፍበታለሁ። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እጄ ሥራ መፍታት አይወድም።

እናቴ ዓርብ ከቀትር በኋላ ወደቀች። ኢየሩሳሌም፣ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር፣ እቤታችን፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ሰንበት ሳይገባ ገላዋን ልትታጠብ ገብታ። የቀኝ ዳሌዋ ተሰበረ። ትናንት ቀዶ ሕክምና አደረጉላት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የቀዶ ሕክምና ቆቡን ሳያወልቅ «እንዴት ወደቀች?» አለኝ።

«ልትታጠብ ገብታ...»

«ራሷን አዙሯት ነበር?»

«ሊሆን ይችላል።»

ጻፈው። ሲጽፈው አየሁ። እኔ ሁለት ቃል ነው ያልኩት፤ እሱ ግን አንድ መስመር ሙሉ ጻፈ።

ስሟ ይርገዱ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ እኔ፣ ልጄ ሺራን። ሺራን ወታደር ስለሆነች የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው።

በአማርኛ የምጽፈው ዕብራይስጥ መጻፍ ስለማልችል አይደለም። ጎንደር ሳለሁ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፣ የለመደ እጅ ወደ ፊደሉ ይሄዳል። ደግሞም ሺራን ፊደል አታነብም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጻፍኳት አላውቅም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ከሃነቪኢም ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍኩ። የታሊ ቤት ከኢትዮጵያውያኑ ገዳም ከደብረ ገነት አጥር ፊት ለፊት ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ቤቱ የድሮ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቅስት። ታሊ የጥርስ ሐኪም ናት። በፀደይ የጠራችኝ ጊዜ «ቀኑን ሙሉ ብረትና ነጭ ነገር ነው የማየው፤ ማታ እግሬ እንጨት ይርገጥ» አለችኝ። ስፓ የሚባለው ዓይነት፣ ግን ቤት ውስጥ። ግድግዳው በዝግባ ለበሰ። ከገንዳው አጠገብ መቀመጫ ሠራሁ። ወለሉ ቲክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ርብራብ ሆነ፤ ውሃው በጣውላዎቹ መካከል ወርዶ ከሥር ይሄዳል። ለደንበኛ ሁሉ የምለውን ነገርኳት፤ እንጨትን የሚገድለው ውሃ አይደለም፣ መድረቂያ ማጣት ነው። ወደደችው። በስልኳ ጻፈችው።

ዛሬ ርብራቡን እየነቀልኩ አገኘችኝና በስሜ ጠራችኝ።

«እንግዳ! ምን እያደረግክ ነው? ያለቀ መስሎኝ።»

«ወለሉን አንዴ ልከልሰው ነው።»

«እኔ ደግሞ ሽታውን ወድጄው። ለውዝ ለውዝ ይላል። ለእህቴ እንኳ ነግሬያታለሁ፣ የአናጢዬ አባት ዘይት ነው ብዬ።»

«ለክረምት አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

ካልሲ አድርጋ ያልተነቀለው ላይ ቆማለች። «ውረጂ» አልኳት። ድምፄ ሳይጮህ አልቀረም፤ ግድግዳውን ይዛ ወረደች።

ስወጣ ጋሼ ዳኜ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ነበሩ። የጎንደር ሰው ናቸው፣ ሰባ ያለፋቸው፤ መነኩሴ አይደሉም፤ የመነኮሳቱን በርና መስኮት ይጠግናሉ። መሮ እንዋዋሳለን። ሁልጊዜ የሚሉኝን አሉኝ፦ «መጣህ፣ ውሃ ውሃ የምትሸተው!» በአገራችን ጎረቤቶቻችን እኛን ቤተ እስራኤሎችን የሚሰድቡበት ነበር፤ መታጠብ ስለምናበዛ። እሳቸው ቀልድ አደረጉት። እኔም «እርስዎ ደግሞ ክርስትና ከተነሡ ወዲህ ውሃ ነክቶዎት አያውቅም» ብዬ እመልስ ነበር።

ዛሬ የመሣሪያ ቦርሳዬን ወደ ትከሻዬ ሳብኩ።

«ምነዋ?» አሉ።

«ባቡር እንዳያመልጠኝ ነው» አልኩ። ባቡር በየስምንት ደቂቃው ይመጣል።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ባቡር ላይ። ቆሜ።

ኦሽሪት የምትባል ሴት ደወለች። የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ። ለስላሳ ድምፅ።

ሦስት ሳምንት በማገገሚያ ክፍል። ከዚያ ቫዓዳ፤ ኮሚቴ ማለቷ ነው። የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ ቤቷ ትመለስ ወይስ ቤት አቮት ትግባ።

ቤት አቮት። ሽማግሌና አሮጊት የሚቀመጥበት። ቃል በቃል የአባቶች ቤት ማለት ነው። ለእናቴ።

«ብቻዋን ሳለች ራሷን የሚያዞራት ከሆነ ይገባሃል...» አለች።

ብቻዋን አይደለችም አልኩ።

ቀን ቀን ብቻዋን ናት።

መውረጃዬ አለፈኝ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ወደ ማገገሚያው አዛወሯት። ስደርስ አልጋዋ ዙሪያ ጫጫታ ነበር። ሊያጥባት የመጣው ወንድ ነው፤ ትሑት ልጅ፣ ጓንት አጥልቋል። እሷ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባለች።

«ወንድ ሊያጥበኝ? ምነዋ፣ ሬሳዬን እንኳ ወንድ አይነካውም!»

ተረጎምኩለት። የመጨረሻውን ተውኩት። «ሴት ትፈልጋለች» አልኩት። የሴት ተረኛ እሑድ ነው የምትመጣው አለ።

ሲሄድ እጄን ያዘችና ገለበጠችው፤ መዳፌን አየችው።

«የማን ቤት ነው አሁን?»

«የጥርስ ሐኪም።»

«አፍ ስታጥብ ውላ ደግሞ ገላ! ታጥባ አትጨርስም በለኛ።»

ሳቅን። ሳቁ ዳሌዋን አሳመማት፤ ዓይኗን ጨፈነች። እንደጨፈነች «ስግድ መቼ ነው?» አለች።

«ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አልኩ። ስግድ ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ተሰብስቦ የሚጾምበትና የሚጸልይበት በዓል ነው።

«እስከዚያ ቤቴ ገብቼ ታጥቤ ነው የምወጣው። በዚህ ሁኔታዬ ሕዝብ መካከል አልቆምም።»

ከጎኗ ያለችው ሴት ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻት። እናቴ ባላት ጥቂት ዕብራይስጥ «ልጄ። የእንጨት ፕሮፌሰር» አለቻት።

ስለ ዓርብ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ቤቱ ባዶ ነው። ሺራን በዚህ ሰንበት ተረኛ ናት። ሌላ ሰው ስለሌለ በዝርዝር ልጻፈው። ልኬት እንደምጽፍ።

እናቴ ሴራሚክ አትወድም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የላስቲክ ጫማ አድርጋ ነው የታጠበችው። «ድንጋይ አይዶለም፣ ሸክላ አይዶለም፤ እንደ ሬሳ ግንባር ይቀዘቅዛል» ትላለች። በአገሯ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ፀሐይ የመታው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው ነው የሚታጠቡት። ለሰው ቤት እንጨት እያነጠፍኩ እናቴ በላስቲክ ጫማ መቆሟ አሳፈረኝ። ከታሊ የተረፈኝ ቲክ ነበር። በአራት ቀን ርብራቡን ሠራሁ። ጠርዙን ሁሉ አለዘብኩት፣ ምስማሩ የማይዝግ ነው፣ በሥሩ አየር ያልፋል። ጥሩ ሥራ ነበር። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ጥሩ ሥራ ነበር።

ዘይቱ ነው የቀረው። ከሱቅ የምንገዛው አለ፤ አንዱ ቅብ በሁለት ቀን ይደርቃል፣ ሽታው ግን ያስላታል። እሷ ናት «አባትህ ሞፈሩን ኑግ ነበር የሚያጠጣው» ያለችኝ። እውነት ነው። አባቴ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር፤ ሞፈርና ቀንበርም ይጠርብ ነበር። ኑግ አጠጥቶ ከደጅ ያቆመዋል። ውሃ እንደ ዳክዬ ላባ ላዩ ላይ ይንከባለላል።

ከእኛ ሰዎች ሱቅ አንድ ጠርሙስ ኑግ ገዛሁ። ሰኞ ቀባሁ። ማክሰኞ ደገምኩ። ረቡዕ ሠለስኩ። እንጨቱ ጠጣው፤ ቀለሙ የደረሰ ጠጅ መሰለ። እናቴ ተንበርክካ አሸተተችው፤ በዚያ ጉልበቷ። «የአባትህ እጅ» አለች። በማግስቱ ጠርሙሱን ይዤ ሄጄ የታሊንም ወለል ቀባሁት። ደስ ብሎኝ ነው። ያን ያህል ደስ ያለኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

አባቴ ከደጅ የሚያቆመው ለስንት ቀን እንደነበር ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። አዝመራ ተሰብስቦ እስከሚቀጥለው እርሻ ይመስለኛል። በፀሐይ። እኔ ያቆምኩት ደረጃው ሥር ነው፤ ፀሐይ አይደርስበትም።

ዓርብ። ሺራን እኩለ ቀን ላይ ትመጣና የአያቷን ጀርባ ታጥብ ነበር፤ ያን ቀን ዘገየች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። እኔ ወጥ ቤት ምግቡን ለሰንበት ማሞቂያ ላይ እያስቀመጥኩ ነበር። እናቴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ደርቋል ወይ?» አለችኝ።

«ደርቋል» አልኩ።

ዞሬ አላየሁም። ድስቱ ሞልቶ ነበር።

ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳነጥፈው ነክቼው ነበር። መዳፌ ትንሽ አብለጨለጨ። ትንሽ ነው። ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። እንጨት አንዳንዴ ዘይቱን መልሶ ይተፋል፤ ሙያው ያለው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ደግሞ ራሷን ሊያዞራት ይችላል። ሐኪሙ ያለውን እኔ ልሽረው አልችልም።

እዚህ ላይ ላቁም።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ሺራን ለሁለት ሰዓት ፈቃድ አግኝታ መጣች፤ ከእናቴ ጋር ተቀምጣ ወደ እኔ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ከነጠመንጃዋ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ሲከፋት ጭራሽ ይጠፋባታል።

«አባ፣ አኒ አሼማ» አለች። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ማለቷ ነው። «አውቶቡስ አልዘገየም። ዋሸሁህ። ከጓደኛዬ ከሃዳስ ጋር ቡና ቁጭ አልን፣ የረፋዱን አውቶቡስ ለቀቅኩት። ሳፍታ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ለብቻዋ ገባች።»

አያቷን ሳፍታ ነው የምትላት።

«አንቺ አይደለሽም።»

«አዝ ማ? ታዲያ ምንድን ነው?»

ዓይኗ አብጧል። ሃያ ዓመቷ ነው። ሲያመኝ እንኳ የምታውቀው ከአተነፋፈሴ ነው።

«ራሷን አዙሯት ነው» አልኩ።

እስከ ዛሬ የሐኪሙ ቃል ነበር። ዛሬ የእኔ ሆነ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

የታሊን ርብራብ ግቢው ውስጥ እፍቃለሁ። ኑጉ እንደ ሙጫ ሆኖ የብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል። አንድ ጣውላ ለመጨረስ አራት ወረቀት። ከላይ ያለው ሲነሣ ከውስጥ ሌላ ይወጣል። ስንት ነው የጠጣው?

ጋሼ ዳኜ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጣውላ አንሥተው አሸተቱ።

«ኑግ ነው እንዴ?»

«ኑግ ነው።»

«አንተ ሰውዬ! ለሐኪሟ ወለል ወጥ ልትሠራላት ነው?» ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና አቆሙ። «እናትህ እንዴት ሆኑ?»

ነገርኳቸው። ለምን ለእሳቸው እንደሆነ አላውቅም። የእኛ ወገን ስላልሆኑ ይሆናል። ስጨርስ በአውራ ጣታቸው የጣውላውን ጠርዝ አሹ።

«የእኛ አባቶች ቢሆኑ ንስሓ ግባ ይሉህ ነበር።»

«እኛም ጋ ሰው ለቄስ ይናገራል።»

«ለቄስ አይዶለም። የሚወስኑት እነማን ናቸው?»

«ኮሚቴ ነው።»

«ለኮሚቴው ንገራ።»

«ከዚህ በኋላ ማን ያሠራኛል?» አልኳቸው። ስለው ራሴ ሰማሁት።

«እኔ ለማንም አልናገርም» አሉ እየተነሡ። «አንተ ግን እናትህን ይዘህ እየተደበቅክ ነው። ለሁለት የሚበቃ ቦታ አይመስለኝም።»

መሮዬን ሳይመልሱልኝ ሄዱ።


እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ኦሽሪት ቤቱን ለማየት መጣች። አጭር ፀጉር፣ ብዙ ወረቀት። መታጠቢያ ቤቱን አብርታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከሳምንት በፊት የቤታችንን ርብራብ አንሥቼ ከመንገድ ዳር ካለው ትልቅ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ጥዬዋለሁ። ሰው እንዳያየው ብዬ አይደለም። ቦታ ይዞ ነው። በምትኩ የማያንሸራትት ላስቲክ አነጠፍኩ፤ ሁለት መያዣ ግድግዳው ላይ አሰርኩ፤ የሚታጠፍ የእንጨት መቀመጫ ሠራሁ፣ ሻወሩንም ተቀምጣ እንድትደርስበት ዝቅ አደረግሁት።

«ዋው» አለች። «ይህን ያህል የተሟላ መታጠቢያ ቤት በሥራዬ ያየሁት ሦስት ጊዜ አይሞላም። ስትወድቅም እንዲህ ነበር?»

«መቀመጫው አዲስ ነው።»

«ወለሉስ?»

«ወለሉ... ሴራሚክ ነው።»

ሴራሚክ ነው። ሥሩ ሴራሚክ ነው።

እየጻፈች ተነፈሰች። «ያሳዝናል። አየህ፣ ችግሩ ከቤቱ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ቤት ይስተካከላል። ቤቱ ግን እንከን የለውም። ስለዚህ የሚቀረው እሷ ናት ማለት ነው።»

በሩን ከፍታ ቆማልኛለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚፈለገው። አፌን ከፈትኩ።

«ውሃ ልስጥሽ?» አልኳት።

ጠጣች። አመሰገነች። ሄደች።

ይህን ያህል ቀን ስደክም የኖርኩት እናቴን ጥፋተኛ ለማድረግ ነው። እያንዳንዱን ምስማር በውሃ ልክ አስተካክዬ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

አልሠራሁም። ታሊ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ወለሏ አሁንም ክፍት ነው።

ዓረፍተ ነገሩን በዕብራይስጥ እለማመዳለሁ። ባቡር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ አፌ ውስጥ። እንጨቱን ዘይት ቀባሁት፤ አልደረቀም ነበር፤ ደርቋል አልኳት። በዕብራይስጥ የሌላ ሰው ነገር ይመስላል። የማሽን ብልሽት ይመስላል።

እናቴ ዛሬ ስምንት እርምጃ ሄደች። ቆጠርኩ። ነርሷ አጨበጨበች። እናቴ «ምን ያስጨበጭባታል፣ ሙሽራ ነኝ?» አለች።

ክሳቷ። አንገቷ።

እስካሁን በደንብ አልታጠበችም። የእሑዷ ሴት ተረኛም በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የምትጠርጋት። ስቀርባት ብርድ ልብሱን ትሰበስባለች፤ እንዳልሸታት ነው። እናቴ። ከእኔ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ኦሽሪት፣ አንዲት ሐኪም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው። አስተርጓሚ ሊመጣ ነበር፣ አልመጣም።

«አንተ ትተረጉማለህ?» አለች ኦሽሪት።

«እተረጉማለሁ።»

እናቴ በተሽከርካሪው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች፤ ለእነሱ ክብር። ሐኪሟ እንዴት እንደወደቀች በራሷ ቃል እንድትናገር ጠየቀች።

«እማ፣ እንዴት እንደወደቅሽ ነው የሚጠይቁሽ።»

ወደ እነሱ አላየችም። ወደ እኔ አየች።

«ራሴን አዙሮኝ ነው በላቸው።»

«እማ...»

«ራሴን አዞረኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። በላቸው እንጂ! ምን ታየኛለህ?»

የሰውየው ጣቶች በአየር ላይ ይጠብቃሉ። ተረጎምኩ። ቃል በቃል። ጣቶቹ ወረዱ።

«ወለሉ ያንሸራትት ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«ወለሉማ ምን ይወጣለታል! ልጄ ነው የሠራው። ከዚህ እስከ ቴል አቪቭ እጁን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል በላቸው።»

ይህን አልተረጎምኩም። ሦስቱም ይጠብቃሉ። «ወለሉን ጥሩ ነው አለች» አልኩ በዕብራይስጥ። «እውነት አይደለም። ራሷንም አላዞራትም።» ከዚያ ነገርኳቸው። ርብራቡን፣ ዘይቱን፣ ጠዋት የነካሁትን፣ «ደርቋል» ያልኩትን። በአማርኛ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር በዕብራይስጥ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ኦሽሪት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዳ፣ ቤትህ ስመጣ እንጨት ወለል አላየሁም።»

«ጥዬዋለሁ።»

«ፎቶ አለህ?»

«የለኝም።»

«ወለሉ ምን እንደሆነ ጠይቄህ ነበር።»

«አዎ።»

«ሆስፒታልም ራስ ማዞር ነው ብለሃል።»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።»

ጮኻብኝ ቢሆን በተሻለኝ። በለስላሳው ድምፅዋ «ልጆች እናታቸውን ወደ ቤት ለመመለስ የማይሉት ነገር የለም» አለች። «አልፈርድብህም። እኔም እናት አለችኝ። እሷ ግን በራሷ አፍ ነግራናለች።»

በራሷ አፍ። የነገረቻቸው በእኔ አፍ ነው።

ቀን ቀን ብቻዋን ወደምትሆንበት ቤት አትመለስም። ቤት አቮት፣ ለሦስት ወር፤ ከዚያ እንደገና ይታያል። ማገገሚያው አልጋውን ስለሚፈልግ ነገ ትዛወራለች። ይህን ገና አልተረጎምኩላትም።

ኮሪደር ላይ ወንበሩን እየገፋሁ ነው። «ሼመን አልካቸው» አለች። ያን ቃል ከሱቅ ታውቀዋለች። «ዘይት አልካቸው፣ አይዶለም?»

«አልኳቸው።»

«በፈረንጅ ፊት ውሸታም አደረግከኝ።»

«እማ፣ እውነቱ ነው።»

«እውነቱን አንተ ነህ የምትነግረኝ? እግሬ ገና እንደነካው አውቄዋለሁ። እርጥብ ነበር።»

ወንበሩን አቆምኩ። «ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

«ደርቋል ብለኸኝ? ሰንበት በር ላይ ቆሞ፣ ልጄን ሐሰተኛ ላድርገው?»

ነርሶች አለፉ። አንድ ሰው በስልክ ይስቃል።

«በል ግፋ» አለች። «አሁን ወደ ቤት ነን?»


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

አዛወርናት። ክፍሉ ለሁለት ነው። መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ያያል። ጎረቤቷ ሮማኒያዊት ናት፣ አትሰማም፤ ቴሌቪዥኑ ሙሉ ድምፅ ነው።

ከዚያ ታሊ ጋ ሄድኩ። ዘይቱን አሽትታለች፣ ይህን ለኮሚቴው ጽፋ ትፈርምልኝ ብዬ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ፤ ስለ እናቴ ከልቧ አዘነች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ ሄደ።

«ያን የኔ ወለል ላይም ቀብተኸው ነበር።»

«ፍቄዋለሁ።»

«እኔ ግን ካልሲ አድርጌ ቆሜበት ነበር። አንተም ታውቅ ነበር። ለክረምት አይሆንም አልከኝ።»

ዕቃዬን ሰብስቤ እንድሄድ ጠየቀችኝ። በትሕትና። ወረቀቱን አልጠየቅኳትም።

ለሺራን ደወልኩ። በዕብራይስጥ ነገርኳት፣ አንዲት ቃል እንኳ እንዳታመልጣት። የሚተነፍስ ሰው ብቻ ይሰማኛል።

«ሁለት ሳምንት፣ አባ» አለች። «ኮሪደር ላይ ሳለቅስ ፊት ለፊቴ ቆመህ ነበር።»

«ሺራንዬ...»

«እያየኸኝ ነበር።»

ዘጋች። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል። ይጠራል ማለት በእጇ ነው ማለት ነው።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ነገ ስግድ ነው። ሕዝቡን ወደ በዓሉ ከሚወስዱት አውቶቡሶች ጋር አንሄድም፤ በዚህ ወንበር ቁልቁለቱን አትችለውም ብለዋል። እሷ ግን «ብሄድም ባልሄድም እታጠባለሁ» አለች። ረቡዕ የመታጠቢያ ቀን ነው፤ ተንከባካቢዋም ሴት ናት። ቢያንስ ይህ ተገኘ።

ሦስት ወር ብለዋል። በሰማንያ ሦስት ዓመት ሦስት ወር ስንት እንደሆነ የሚለካበት ነገር የለኝም።

የመታጠቢያ ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። እንጨት የሚባል የለበትም። አረንጓዴ የላስቲክ ወለል፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከጣራ የሚወርድ ሠንሰለት። ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ታጥቦበታል፤ ግድግዳው ላይ ጠብታ አለ። እናቴን በመታጠቢያ ጋዋን ጠቅልለው በሩ ላይ አቆሟት፤ አንድ እጇ በብረት መደገፊያው፣ አንዱ በተንከባካቢዋ ክንድ። አልገባም አለች። ወለሉን ታያለች።

ተንከባካቢዋ ከሩሲያ የመጣች ትልቅ ሴት ናት፤ ቸኩላለች፣ ከእኛ በኋላ አምስት ሰው አላት።

«ንገራት እስቲ» አለችኝ። «ወለሉ ደረቅ ነው፣ ምንም አይሆንም በላት።»

እናቴ ዞራ አየችኝ።

ጫማዬን ፈታሁ። ካልሲዬን አወለቅኩ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩ። ሴትየዋ «ኧረ ምን እያደረግክ ነው?» አለች። ገባሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄድኩ፤ ስሄድ ተረከዜን እያሸሁ፣ ክብደቴን በአንድ እግር እየጣልኩ፣ እንጨት እንደምፈትሽ። ወንበሩ ዙሪያ። የውሃ ማፍሰሻው ዙሪያ፤ እዚያ ሳሙና ቀርቷል፣ አውራ ጣቴ ሸተት አለ። እንደገና ረገጥኩት። እንደገና ሸተት አለ።

«እማ» አልኩ። «ከበሩ እስከ ወንበሩ ደረቅ ነው። ወንበሩ ሥር እርጥብ ነው፣ ግን ይይዛል። ማፍሰሻው ጋ ያንሸራትታል። እዚያ አትርገጪ።»

የገዛ እግሯን አየች። ከዚያ ማፍሰሻውን።

«ማፍሰሻው ጋ» አለች።

«አዎ።»

እግሯን አንሥታ ደፉን አለፈች። አንድ። ሁለት።

«በል ውጣ እንግዲህ» አለችኝ፣ «ልታጠብ ነው።»

ወጣሁ።